የኔታ ተገኝና ባለ አንድ ዐይኑ ቀናሽ

ጣልያን መተማ የገባ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን አፌን ሞልቼ የምናገረው እናቴ ነግራኝ አይደለም። እናቴማ ስትጠየቅ «አንበጣው ከመጣ በኋላ ነው የወለድኳት፤ ከዚያ ወዲህ ማን ይዞት!» ነበር መልሷ። ዕድሜዬን የቆጠሩልኝ የኔታ ተገኝ ናቸው። አንድ ቀን እናቴን ሾላው ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ አንበጣው የመጣ ዓመት ማሽላው ምን ላይ ደርሶ እንደነበር፣ ወንዙ ሰብሮ የወጣው ከዚያ ወዲህ በስንተኛው ክረምት እንደሆነ፣ ጎርፉ ሲመጣ በእግሬ ሮጬ ወይስ ታዝዬ እንደሸሸሁ እየጠየቁ፣ ለእያንዳንዱ ክረምት አንዳንድ ጠጠር መሬት ላይ እያኖሩ ደረሱበት። ሲጨርሱ ጠጠሮቹን አፍሰው እጄ ላይ አደረጉልኝና፣ «ይኸው ዕድሜሽ። እኔን አትመኚኝ፤ ቁጠሪው» አሉኝ።

አምና ከቋራ፣ ከገለጉ ሰሊጥ አስጭኖ የመጣ አንድ ገበሬ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አቧራውን ሲያራግፍ፣ «ያን የጠጠሩን ሽማግሌ ቀበርናቸው እኮ» አለ። ማንን እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ሌላ ሰው እንዲሆንልኝ ብዬ፣ «የትኛውን ሽማግሌ?» አልኩት።

«ልጅ ሰብስበው ሰማይ ሰማይ የሚያሳዩትን ነዋ። የኔታ ተገኝን።»

«ታመው ነበር?»

«ኧረ ምን ሕመም አላቸው! ባረፉበት ዋዜማ ከቄሱ ጋር ሲከራከሩ ነው የዋሉት።»

«በምን?»

«በጨረቃ።»

የዚያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። አላለቀስኩም። የኔታ በሕይወት ሳሉ ለቅሶ ሲያዩ «ምክንያቱ ምንድን ነው? ከዚያስ ምን ሆነ?» እያሉ የሚያስጨንቁ ሰው ስለነበሩ፣ ሞተውም የሚጠይቁኝ መሰለኝ። ይልቅስ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

የኔታ ተገኝ የደንቢያ ሰው ናቸው። ሥራቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሣል ነው። መተማ የወረዱትም የሚካኤልን ግድግዳ እንዲሥሉ ተጠርተው ነበር። የጠሯቸው ባላባት ግን ሥራው ሳይጋመስ ዘመቱ፤ ከዘመቻውም ሳይመለሱ ቀሩ። ግድግዳው ግማሹ ቅዱሳን፣ ግማሹ ጭቃ እንደሆነ ቆመ። የኔታ ቀለም አላቸው፣ ብሩሽ አላቸው፣ የሚከፍላቸው ሰውና የሚሥሉበት ግድግዳ የላቸውም። ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ደግሞ የቆላው ንዳድ ያዛቸውና አልጋ ላይ ጣላቸው። እናቴ የማሽላ አጥሚት እያጠጣች ያስታመመቻቸው ያኔ ነው። ሲድኑ፣ «እንግዲህ ዕዳ አለብኝ» ብለው እዚያው ቀሩ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ መሬቱን የሚለኩ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ብሩሻቸውን የሚጠርጉት በጋቢያቸው ጫፍ ስለሆነ ጋቢው ጥለቱ የማይታወቅ፣ ቀይም ቢጫም አረንጓዴም ነበር። አንድን ነገር ለመሣል ሲያስቡ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን ፊታቸው ላይ ቀጥ አድርገው ይለኩታል። ሰው እያነጋገራቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ብዙ ሰው በዚህ ይቀየማቸው ነበር።

ፊደል አላስተማሩንም። ፊደልን እኔ ኋላ ራሴ ከሻይና ከሳሙና ካርቶን ላይ እየለቀምኩ ነው የያዝኩት፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። «ፊደሉን ቄሱም ያስተምራሉ» ይሉ ነበር የኔታ፤ «እኔ ልጅ ሆኜ ጨረቃ ለምን ትከሳለች ብዬ መምህሬን ጠየቅሁ። በጅራፍ ገረፉኝ። እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ። እሱማ ያውቃል! የማላውቀው እኔ ነኝ እንጂ!» ይህን ሲናገሩ በስንት ዘመኑ ቁጣቸው እንደ አዲስ ይነድ ነበር። እኛን ለማስተማር የተነሡትም ያንን መምህር ለማናደድ ይመስለኛል።

መጽሐፍ የሠሩት በስኳር ወረቀት ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት የሐጅ ኢድሪስ ሱቅ ነበር። ከማዶ ከሱዳን፣ ከገላባት በግመል የሚመጣላቸው ስኳር የዛሬው ዓይነት አይደለም፤ እንደ ሾጣጣ ድንጋይ የጠነከረ፣ በመዶሻ የሚፈለጥ፣ በወፍራም ሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ነው። የኔታ ያንን ወረቀት ለምነው ይወስዳሉ። ጉንዳን እንዳይበላው በእሬት ውሃ ያሹታል፣ ያደርቁታል፣ በፍየል ብራና ሸፍነው በጅማት ይሰፉታል። ሐጅ ኢድሪስ ወረቀቱን ሲሰጡ፣ «ወላሂ፣ የእናንተ መጽሐፍ ከሻይ ጋር የሚጠጣ ነው» ይሉ ነበር። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ያለው አንድ ብቻ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላ የለም።

የመጀመሪያው የዝንጀሮ መጽሐፍ ነበር። አንድም ጽሕፈት የለበትም። መግቢያው ላይ ዝንጀሮዎች ተሰልፈው ወደ ማሽላ ማሳ ይወርዳሉ። ሁሉም የየራሳቸው መልክ አላቸው፤ አንዱ ጆሮው የተቆረጠ፣ አንዱ እየሄደ የሚያዛጋ፣ አንዷ ግልገሏን ያዘለች። ገጹ ሲገለበጥ ማሳው ውስጥ ገብተዋል። የሚታዩት ግን ጥቂት ናቸው። የቀሩትስ? ማሽላው ከሌላ ወረቀት ተቆርጦ በአንድ ጠርዙ ብቻ የተለጠፈ ነው፤ እንደ በር ይከፈታል። ከመከፈቱ በፊት ከኋላው ስንት እንደተደበቁ መናገር አለብን። ጠጠር እንደረድራለን፣ እንጨቃጨቃለን፣ በሚካኤል እንማማላለን። ከዚያ የኔታ ጣታቸውን ማሽላው ጠርዝ ላይ አድርገው ያቆዩናል። ያቺን ቆይታ! ትንፋሻችን ይቆም ነበር። ከዚያ ይገለጣል።

አንድ ቀን አንድ ጎረቤታችን ልጅ ጠጠሩን ደርድሮ በልበ ሙሉነት ተናገረ። ሲገለጥ ከቆጠረው በአንድ በለጠ። «አጭበረበሩኝ!» ብሎ ጮኸ።

«በል ፈልገው» አሉት የኔታ።

ፈለገ። እናቲቱ ያዘለችውን ግልገል አልቆጠረም ነበር።

«ሕፃን ነዋ!» አለ እየተነጫነጨ።

«ሕፃን አይቆጠርም ያለህ ማነው? ማሽላውን ይበላል እኮ!»

ሌላው የጥላ መጽሐፍ ነው። ሐጅ ኢድሪስ በነጭ ጀላቢያቸው ሱቃቸው በር ላይ ቆመዋል፤ በየገጹ ፀሐይዋ ትሄዳለች፣ ጥላቸው ይረዝማል፣ ያጥራል። አንደኛው ገጽ ላይ ግን ቀትር ሆኖ ጥላው ወደ ቋራ በኩል ወድቋል፤ ወደ ደቡብ። እናቴ ይህን ስታይ አዘነች። «የኔታ፣ ያ ንዳድ አናትዎ ላይ ቀርቷል። የቀትር ጥላ ወደ አርማጭሆ እንጂ ወደ ቋራ ሲወድቅ ማን አየ?» አለቻቸው። የኔታ ወራቱን ጠበቁ። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቀን ቀትር ላይ ጠሯትና ወደ ሐጅ ኢድሪስ ደጃፍ ወሰዷት። ሐጅ የቀትር ሶላታቸውን የሚያውቁበት መሬት ላይ የተተከለ ዘንግ ነበራቸው። የዘንጉ ጥላ አጭር ነበር፤ ግን ወደ ቋራ ነው የተኛው።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለቻቸው እናቴ ሐጅን።

«ስሰግድ ኖሬ!» አሉ ሐጅ። «በበጋ ወዲያ፣ በዚህ ወራት ወዲህ ነው። የኔታ ናቸው ዛሬ ከኔ የሰረቁት።»

«አልሰረቅሁም፤ ለመሣል ተውሼ ነው» አሉ የኔታ። ሁለቱ ሽማግሎች እንደ ልጅ ተሳሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ያን ሳምንት ሁሉ ቀትር በደረሰ ቁጥር ሥራዋን አቋርጣ እየወጣች የራሷን ጥላ ስትመለከት ትውል ነበር።

የምትከሳውና የምትሞላው ጨረቃም መጽሐፍ ነበራት። የወባው መጽሐፍም ነበር፤ እንስራ ውስጥ የሚዋኘው ትል በየገጹ እየተለወጠ ወባ ትንኝ ሆኖ ሲበር የሚያሳይ። እሱን የሣሉት እኛን በእውነተኛው እንስራ ዙሪያ ካስቀመጡና ቀን ከቀን ካሳዩን በኋላ ነው። መጽሐፉ ያየነውን ያስታውሰናል እንጂ አይቀድመንም።

ዛሬ ልጄ ከትምህርት ቤት ባለ ቀለም የሒሳብ መጽሐፍ ታመጣለች። ሁለት ብርቱካንና ሦስት ብርቱካን። ጥሩ ወረቀት ነው፤ ግን ሌባ የለበትም፣ የተደበቀ የለበትም። ልጅን አያናድድም። የኔታ «ልጅ ያልተናደደበትን ነገር አይቆጥርም» ይሉ ነበር። ስለዚህ በመጽሐፎቻቸው ሁሉ የሚያናድድ አንድ ሰው አስገቡልን፤ ስሙ ቀናሹ ይባላል።

ቀናሹ መቀነስን ያስተማረን ነው። እህል ተከምሮ ሳለ ይመጣል፣ ይወስዳል፤ ስንት ቀረ? በዝንጀሮው መጽሐፍ አሮጌ ትልቅ ዝንጀሮ ነው። በወባው ትንኟ ራሷ ናት። ቀናሹ በየትኛውም መልክ ቢመጣ የምናውቀው ግን በአንድ ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ከጎን ይሣላል፣ አንድ ዐይን ብቻ ይታያል። ይህን የኔታ አልፈጠሩትም። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ጻድቁ፣ ሰማዕቱ፣ መልአኩ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዐይኖች ያየናል። ሰይጣንና ይሁዳ፣ ሄሮድስና ጭፍሮቹ ግን በግማሽ ፊት፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ክፉ ሰው በሁለት ዐይኑ እንዲያየን አይፈቀድለትም። እናቶቻችን ሥዕል ቤት ሲገቡ ያችንም አንዷን ዐይን በእሾህ ይጭሯታል። በአገራችን ይህን የማያውቅ የለም፤ ታዝሎ የተሳለመ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ጣልያን ገባ። ለወታደሩ ቀለብ እያለ ከየአውድማው ማሽላና ሰሊጥ ይጭን ጀመር። ብዙም ሳይቆይ በየኔታ መጽሐፍ ቀናሹ የብረት ቆብ ደፋ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ወንድም አያ ደሴ የጣልያን ዘበኛ ሆኖ ገባ። በሬዎቹ በበሽታ አልቀውበት፣ ልጆቹ ጦማቸውን ሲያድሩበት ነው የገባው። እናቴ እህልም ቢያመጣላት አትቀበለውም ነበር። የኔታ ግን ያነጋግሩታል። «ደሴ፣ ዛሬስ ማንን ከማን ስትጠብቅ ዋልክ?» ይሉታል። «ይተዉኝ እስቲ የኔታ፤ ልጅ አለኝ» ይላል አያ ደሴ፣ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ።

ከዕለታት አንድ ቀን የመተማው ካፒቴን ራሱ ሾላው ሥር መጣ። ፈቃድ የሌለው ትምህርት ቤት አለ ብለው ነግረውት ነው። አስተርጓሚው ገሠሠ አብሮት ነበር፤ ገሠሠ ድሮ ጎንደር ዲያቆን የነበረ፣ ኋላ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ካፒቴኑ የዝንጀሮውን መጽሐፍ ከእጃችን ወሰደና ቆሞ ያገላብጥ ጀመር። ማሽላውን ገለጠው። ዘጋው። እንደገና ገለጠው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳቀና በርጩማ አስመጥቶ ተቀመጠ።

«የዚህች እኩያ ልጅ አገሩ እንዳለው ይናገራል» አለ ገሠሠ ወደኔ እያመለከተ።

ካፒቴኑ የብረት ቆብ የደፋው ቀናሹ ያለበት ገጽ ላይ ደረሰ። ጣቱን አሳረፈበት።

«ይሄ ማነው? ይላል» አለ ገሠሠ።

«ቀናሹ ነው» አሉ የኔታ ሳይሽኮረመሙ።

ገሠሠ ሥዕሉን አየ፣ የኔታን አየ፣ ከዚያ በጣልያንኛ አንድ ነገር ተናገረ። ኋላ እንደሰማነው «ሹሙ ነው» ብሎ ነበር የተረጎመው። ካፒቴኑ ደስ አለው። ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ የንጉሣቸውን መልክ አሳየን፤ በእርግጥም ከጎን ነው፣ በእርግጥም አንድ ዐይን ነው። «ንጉሥ የሚሣለው እንዲህ ነው፤ ይህን ጥበብ ከየት ተማሩት? ይላል» አለ ገሠሠ መሬት መሬት እያየ። እኛ ልጆቹ እርስ በርሳችን ተቆናጠጥን። የገዛ ንጉሣቸውን!

ካፒቴኑ የራሱን መልክ በቢሮው ግድግዳ ላይ እንዲሥሉለት አዘዘ። «ከልቤ እሥለዋለሁ በለው» አሉ የኔታ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ እንዲህ ያለ ያማረ ሥዕል ሠርተው አያውቁም። የጢሙ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሲመለሱ እናቴ ደረቷን እየመታች፣ «የኔታ ምነው፣ ምነው በራስዎ ላይ!» ስትላቸው፣ «እኔ አላዞርኩትም፤ ራሱ ነው በጎኑ የተቀመጠልኝ» አሏት።

መተማ ለካስ ይህን ያህል ጉዳይ ያለው ሰው ኖሮበታል! ፍየል ጠፋኝ የሚል፣ አጥር ተጣሰብኝ የሚል፣ የማይታወቅ በሽታ የያዘው ሁሉ የካፒቴኑ ቢሮ ደጅ ተሰለፈ። ሴቶች ይገባሉ፣ ግድግዳውን ያያሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይወጣሉ። እናቴም ስለ ዶሮ ክስ ይዛ ሄደች፤ ተመልሳ መጥታ መደቡ ላይ ተጋድማ «ወገቤን! ወገቤን!» እያለች ሳቀች። ካፒቴኑ ሕዝቡ ወደደኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ በየጠዋቱ ጢሙን ያስተካክል ጀመር።

ከዚያ አንድ ሰው የሥዕሉን ዐይን በእሾህ ጫረው። የኔታ ተጠርተው አደሱት። እንደገና ተጫረ። ካፒቴኑ ገሠሠን «ምንድን ነው ይሄ?» ቢለው «አይጥ ይሆናል» አለው አሉ። ካፒቴኑ ግን ጅል አልነበረም። አይጥ ለምን ጢሙን ትቶ ዐይኑን ብቻ ይመርጣል? የየኔታን መጽሐፎች በሙሉ አስመጣና በረንዳው ላይ ዘረጋቸው።

አያ ደሴ ከጥበቃው ሲወጣ እየሮጠ መጣ። እናቴ እንኳ ያን ቀን አላባረረችውም።

«የኔታ፣ ጠጠር አስለቅሞኛል» አለ እያለከለከ።

«ለምን?»

«ይቆጥራል። መጽሐፎቹን ዘርግቶ፣ ባለ ሁለት ዐይኖቹን በአንድ ወገን፣ ባለ አንድ ዐይኖቹን በአንድ ወገን፣ በጠጠር ይደረድራል። ከዚያ ገሠሠን ይጠራና እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ይጠይቀዋል። ይኸኛው ይወስዳል፣ ይኸኛውም ይወስዳል፣ ይኸኛውም... ፊቱ ደም መሰለ። ይሽሹ የኔታ! ማዶ ተሻገሩ ማለት እኮ እንግሊዝ ዘንድ ገቡ ማለት ነው።»

የኔታ ጉልበታቸውን መቱ። ፊታቸው በራ። «ማንም ሳይነግረው?»

«ማንም!»

«ራሱ ቆጥሮ ደረሰበት! አያችሁ ልጆች? መጽሐፉ ይሠራል ማለት ነው። ጎበዝ ተማሪ ነው!»

«እርስዎን እኮ ሊሰቅልዎ ይችላል!» አለች እናቴ እየጮኸች።

«እንግዲህ ተማሪዬን ጥዬ ልሽሽ?» አሉ። አልሸሹም።

በገበያው ቀን ሕዝቡ በተሰበሰበበት ጠረጴዛ አወጡ። መጽሐፎቹ ተቆልለዋል፤ ከጎናቸው የየኔታ ብሩሽና ቀለም ተቀምጧል። ካፒቴኑ አልጮኸም። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ገሠሠም እንደዚያው ቀስ ብሎ አቀበለ።

«በነዚህ መጽሐፎች ውስጥ የሚወስድ ሁሉ አንድ ዐይን እንዳለው ደርሼበታለሁ ይላል። ትርጉሙንም አውቄያለሁ ይላል። አሁን በሕዝቡ ፊት ለእያንዳንዱ ሁለተኛ ዐይን ይጨምሩለት። ከጨመሩ ምሕረት አደርጋለሁ፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ መምህሩ እርስዎ ይሆናሉ። መጽሐፎቹም አስመራ ተልከው በማተሚያ ይታተማሉ፣ በቀለም፣ ለአገሩ ልጅ ሁሉ የሚበቃ። እምቢ ካሉ እዚሁ ይቃጠላሉ ይላል።»

የኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደነግጡ አየኋቸው። ስለ ራሳቸው አልነበረም። ማተሚያ ቤት የሚለው ቃል ነው የነካቸው። ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ የነበረው፣ ዝናብ ሲመጣ ሆዳቸው ላይ አቅፈው የሚሸሹት መጽሐፍ፣ ለአገሩ ልጅ ሁሉ! እጃቸው ወደ ብሩሹ ሄደ።

እናቴ ሰው ጥሳ ወጣች። «ይሣሉለት የኔታ!» አለች እያለቀሰች። «ነጥብ ናት እኮ! ለአንዲት ነጥብ ይህን ሁሉ ልጅ ያለ መጽሐፍ ሊያስቀሩት ነው? ነጥብ!»

«ነጥብ ናት ልጄ» አሉ የኔታ። ብሩሹን ቀለም አስነኩት። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አንድ ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ አውራ ጣታቸውን አቁመው ካፒቴኑን ለኩት። ካፒቴኑ ገበያውን ሊያይ ዞሮ፣ በጎኑ ቆሞ ነበር።

«ልጆች፣» አሉ ጮክ ብለው፣ «ከዚህ ሆናችሁ ስንት ዐይን ይታያችኋል?»

እናቶቻችን አፋችንን ለመያዝ አልደረሱም። «አንድ!» አልን በአንድ ድምፅ።

የኔታ ብሩሹን አስቀመጡ። «ይኸው። ሁለት ብዬ ብሥል ልጆቹ ይቆጥሩብኛል። በመቁጠሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ውሸት ከገባ፣ ዝንጀሮውም ውሸት ነው፣ ጨረቃዋም ውሸት ናት፤ ያንን ደግሞ ማተሚያ ቤት ሺህ ጊዜ ያበዛዋል። በለው ገሠሠ፤ ፊቱን ወደ እኛ ያዙር፤ የወሰደውን ይመልስና ፊት ለፊት ይቁም። ያኔ ሁለቱንም ዐይኑን አሳምሬ እሥልለታለሁ።»

ገሠሠ የኮቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

«ተርጉም እንጂ! ዲያቆን አልነበርክም?»

ገሠሠ ተረጎመ። ያን ቀን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንደተረጎመ ከካፒቴኑ ፊት አወቅን።

እሳቱን እንዲያያይዝ የታዘዘው አያ ደሴ ነው። ክብሪቱ ሁለት ጊዜ ጠፋበት። እናቴ ዐይን ዐይኑን ታየዋለች፤ እሱ ግን ቀና አላለም። ሦስተኛው ያዘ። ልጆቹ ሁላችን ማልቀስ ጀመርን። የኔታ፣ ሁለት ወታደር ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ሳለ፣ ተቆጡን።

«ምን ያስለቅሳችኋል? እንባ ዐይን ይጋርዳል፤ እዩ! የቱ ቀድሞ ተያያዘ?»

«ወረቀቱ» አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ።

«ብራናውስ?»

አየን። ወረቀቱ እንደ ገለባ ቦግ ብሎ ሲነድ ብራናው አልነደደም፤ ተኮማተረ፣ ተጠቀለለ፣ እንደ ሥጋ ሸተተ።

«ለምን?»

«ቆዳ ስለሆነ!» አለ ያ ግልገሉን ሳይቆጥር የቀረው ልጅ።

«እኔን አትመኑኝ፤ ቤታችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት!»

አንደኛው ወታደር በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ደማቸውን በዚያ ባለ ቀለም ጋቢ ጠረጉና ወደ እሳቱ መመልከታቸውን ቀጠሉ። ገበያው መሐል ገርፈው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመተማ እንዲወጡ አዘዟቸው። ሐጅ ኢድሪስ ሱቃቸውን ዘግተው፣ አህያቸውን ይዘው፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ራሳቸው አስቀምጠዋቸው የቋራን መንገድ አስያዟቸው። ማንም ሊከለክላቸው አልደፈረም። የኔታ አህያዋ ላይ ሆነው ዞረው፣ «የቀትሩን ጥላ እንዳትረሱ!» ብለው ሲጮሁ ነው የመጨረሻ ድምፃቸውን የሰማሁት።

ያን ማታ አያ ደሴ ቤታችን መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እናቴ እራት አቀረበችለት፤ አልበላም። በማግስቱ ጠዋት ለጥበቃ አልወጣም። ጣልያን የሰጠውን ጠመንጃ ከነጥይቱ እንደያዘ በቋራ በኩል ወርዶ ከአርበኞቹ ጋር ገባ። ሚስቱንና ልጆቹን እናቴ እኛ ቤት አመጣቻቸው። ጣልያን ከአገር እስኪወጣ ድረስ መተማ አልተመለሰም።